ሲነጋ ይነገራታል

የአየር ጠባይ ካርታ ማንበብ የተማርኩት ለእህቴ ስል ነው። ተማሪ ሳለሁ ጂኦግራፊ የሚባል ነገር አይገባኝም ነበር፤ ሮም ከመጣሁ በኋላም ዝናብ ቢዘንብ ፀሐይ ብትወጣ ለእኔ ያው ነበር። ቶር ፒኛታራ በሚባል ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት አሮጊት እጠብቃለሁ፤ የምውለውም የማድረውም እዚያው ነው። የምወጣው ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሁድ ብቻ ስለሆነ ሰማይን ቀና ብዬ የማየው በረንዳ ላይ ልብስ ሳሰጣ ነበር።

ልጆች ሳለን ነፋስ የምፈራው እኔ ነበርኩ። የናዝሬትን አዋራ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ቀትር ላይ ከመንገድ ዳር ይነሳና እየተሽከረከረ፣ ፌስታልና ገለባ ወደ ላይ እየወሰደ በየግቢው ያልፋል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አጥር ሥር ቁጭ እላለሁ። እህቴ ሮጣ መሃሉ ትገባና አብራው ትሽከረከራለች። ፀጉሯ አፈር መስሎ ስትመለስ እናታችን የምትቆጣው እኔን ነው፣ ታላቅ ነኛ። እስከ ዛሬ ቁጡ የሆንኩት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

የእሷ ፍርሃት የመጣው ከባህሩ በኋላ ነው። እኔ በቪዛ፣ በአውሮፕላን፣ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ነው የመጣሁት፤ እሷ ከዓመታት በኋላ በሊቢያ በኩል መጣች። ጀልባው ላይ ምን እንደነበር አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ የስደተኞች ማቆያ ውስጥ ሳለች ሐሙስ ሐሙስ እየሄድኩ እጠይቃት ነበር። አንድ ቀን እየሳቀች ስታወራኝ ነፋስ መስኮቱን አንቀጠቀጠው፤ ወሬዋን አቋርጣ በሁለት እጇ ወንበሩን አጥብቃ ያዘች። ነፋሱ ሲበርድ ካቆመችበት ቀጠለች። እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ።

ፔርሜሶዋ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ከወጣ በኋላ ከሥራ ሁሉ መርጣ ኦስቲያ ባህር ዳር ተቀጠረች። በሙቀቱ ወራት አንድ የመዋኛ ስፍራ ውስጥ የልብስ መቀየሪያ ካቢኔዎቹንና ሻወሩን ታጸዳለች፤ ብርዱ ሲገባና ሰው ሲጠፋ ደግሞ ግቢውን እየጠበቀች እዚያው ትኖራለች። ከካቢኔዎቹ ጀርባ አንዲት የእንጨት ክፍል ሰጧት። ይህን ስሰማ ጮህኩባት። ነፋስ ሲሰማ ወንበር አጥብቆ የሚይዝ ሰው ባህር አፍ ላይ ሄዶ ይተኛል ወይ፣ እብድ ነሽ ወይ አልኳት። ሳቀችብኝ። ከአገር ከወጣች ጀምሮ ከሌላ ሰው ጋር ያልተካፈለችው ክፍል ይህ የመጀመሪያው መሆኑን፣ በሩን ከውስጥ የምትቆልፈው ራሷ መሆኗን፣ ለዚህ ሲባል ትንሽ ነፋስ ቢኖርም ምንም እንዳልሆነ ነገረችኝ። እኔ የራሴ ክፍል ኖሮኝ አያውቅም።

ትንሽ ነፋስ ያለችው ግን በየሳምንቱ ያስደውላት ጀመር። ባህሩ ማጓራት ሲጀምር ትደውልና ይቆማል ወይ ብላ ትጠይቀኛለች፤ እኔ እንደማዘው ሁሉ። መጀመሪያ ዝም ብዬ ይቆማል እላት ነበር። ከዚያ ለምን እዋሻታለሁ ብዬ ስልኬ ላይ የዝናቡን ካርታ ፈልጌ አገኘሁ። ደመናው በቀለም ነው የሚታየው፤ አረንጓዴው ተራ ዝናብ ነው፣ ቢጫው ከበድ ያለ፣ ቀዩ መጥፎ፣ ሐምራዊው ደግሞ ከቤት የማያስወጣ። የትናንቱን፣ የቅድሙን፣ የአሁኑን እያገላበጥኩ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ለመድኩ። ወደ ናፖሊ እየወረደ ነው፣ አንቺን አይነካሽም፣ ተኚ እላታለሁ። እሷም ትተኛለች። እንደዚያ አምኖኝ የተኛ ሰው ሌላ የለም።

ሜቴዎ ብላ ስም አወጣችልኝ፤ ጣልያኖቹ የአየር ጠባይ ዜናን የሚጠሩበት ነው። ስሙ በወር አንዴ ወደምንሰበሰብበት የሴቶች ማኅበራችን ገባና በማኅበሩ የዋትሳፕ ግሩፕ ላይ መሳለቂያ ሆንኩ። ሜቴዎ፣ ዛሬ አንሶላ ላስጣ ወይስ ላቆይ ይሉኛል። ሜቴዎ፣ እሁድ ዣንጥላ እንያዝ? እኔም እየተቆጣሁ እመልሳለሁ። ሰብሳቢያችን፣ ሁላችንንም ሥራ ያስገቡን ትልቅ ሴት ናቸው፣ ይህቺ ልጅ ደሞዝ ሊቆረጥላት ይገባል እያሉ ይቀልዳሉ።

ያን ቀን ኅዳር ነበር፣ በጊዜ የሚጨልምበት ወር። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ ሙቀቱም የኅዳር ሙቀት አይደለም። ለሲኞራዬ፣ ለምጠብቃት አሮጊት፣ ሾርባዋን ሰጥቻት፣ ቴሌቪዥኗን ከፍቼላት ካርታውን አየሁ። ከሰርዴኛ ደሴት በኩል ወደ እኛ የሚመጣው መስመር ቀይ ብቻ አልነበረም፤ መሃል መሃሉ ላይ ሐምራዊ ነበረበት። የአየር ነገር የሚወዱ ጣልያኖች የሚጽፉበት አንድ ገጽ እከታተል ነበርና እዚያ ገባሁ። ከሰሜን በኩል፣ ላዲስፖሊ ፊት ለፊት፣ አንዱ ከሰገነቱ ሆኖ ያነሳው ቪዲዮ ነበር። ጨለማ ነው፤ መብረቅ ሲበርቅ ከባህሩ እስከ ደመናው የቆመ ወፍራም ዓምድ ይታያል፣ ከዚያ መልሶ ጨለማ። ደግሞ ሲበርቅ ዓምዱ ቦታውን ቀይሯል። የሚያነሳው ሰው ድምፅ እየተንቀጠቀጠ ትሮምባ ዳሪያ፣ ትሮምባ ዳሪያ ይላል። እየተሽከረከረ የሚሄደውን አውሎ ነፋስ ጣልያኖች የሚጠሩት እንዲያ ነው። አገራችን ቢሆን ሰይጣን ነው ብለን እናማትብ ነበር።

አንድ ቢሆን ጥሩ ነበር። ያ መሬት ወጥቶ ጣራ ሲገለብጥ ሌላው ከፊውሚቺኖ በኩል ተነሳ የሚል ጽሑፍ መጣ፤ ሰዎች የተገነደሰ ጥድና መንገድ ላይ የተጋደመ ቆርቆሮ ፎቶ ይለጥፋሉ። ካርታው ደመናውን እንጂ አውሎ ነፋሱን ራሱን አያሳይም፤ እሱ ቀጭን ነገር ነው፣ አንዱን ቤት ወስዶ ጎረቤቱን ይተዋል። እኔ ማየት የምችለው ሐምራዊው ወዴት እንደሚሄድ ብቻ ነበር። ወደ ደቡብ ነው የሚሄደው። ከፊውሚቺኖ ቀጥሎ ወንዙ ነው፣ ከወንዙ ቀጥሎ ኦስቲያ።

ሳልደውልላት ደወለች። ይቆማል ወይ አላለችኝም፤ የዛሬው ምን ይላል ሜቴዎ ነበር ያለችኝ፣ እየቀለደች፣ ግን ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ከክፍሉ ውጪ» አልኳት።

«ዝናቡ እኮ እንደ ጉድ ነው።»

«ውጪ አልኩሽ። የመዋኛው ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ ግቢ፣ ግንቡ ቤት። አሁን።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትከራከረኝ ነበር። አልተከራከረችም። ስልኩን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣው ሮጠች መሰለኝ፣ የልብሷን ኮሽታ፣ የዝናቡን፣ አንድ የብረት ነገር እየተንከባለለ ሲሄድ ሰማሁ። ከዚያ በር ተዘጋ። ገባሁ አለችኝ። ከመስኮቱ ራቂ አልኳት። እሺ አለች። ቀጥላ «ጆሮዬን ደፈነኝ» አለች፣ አውሮፕላን ላይ እንደሚደፍነው ማለቷ ነው፤ አውሮፕላን ተሳፍራ ግን አታውቅም። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።

ደጋግሜ ደወልኩ፤ አይጠራም። ሲኞራዬ ቴሌቪዥኑ ላይ የጥያቄና መልስ ውድድር እያየች ለጥያቄዎቹ መልስ ትሰጣለች፣ እኔ ሳሎን መሃል ቆሜ ስልክ እነካካለሁ። ገጹ ላይ ኦስቲያ የሚል ፈልጌ አገኘሁ፤ ባህር ዳር መንገዱ ላይ ሽቦ ወድቋል፣ መብራት የለም፣ የመዋኛ ስፍራዎች ተመትተዋል ይላል። የትኞቹ? ማንም አይናገርም። ግሩፑ ላይ በድምፅ ላክሁ። እህቴ ስልኳ አይሠራም፣ ኦስቲያ አካባቢ ያለ ሰው፣ ኦስቲያ የሚሠራ ሰው የሚያውቅ ሰው ካለ አፈላልጉልኝ፣ ለእግዚአብሔር ብላችሁ አልኩ። ለመሄድ ጫማዬን አድርጌ ነበር። ግን የኦስቲያ ባቡር ቆሟል፣ ዛፍ ሐዲዱ ላይ ወድቋል ተባለ፤ አሮጊቷን ደግሞ ለማን ጥያት ልሂድ? ልጇ የምትኖረው ሚላኖ ነው።

ትንሽ ቆይቶ መልስ መጣ። የመጣው ከሰብሳቢያችን ነው። ሰው አገኘን ልጄ፣ እህትሽ ሰዎች ጋ ናት፣ ስልኳ ውሃ ገብቶበት ነው፣ ጠዋት ታገኛታለሽ፣ አይዞሽ አሉኝ። ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ በደስታ። ሲኞራዬ ለምን እንደማለቅስ ጠየቀችኝ፣ ምንም አይደለም፣ እህቴ ተገኘች አልኳት። ጉንጬን ዳሰሰችኝ።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ሳስበው ዛሬም ይቆጨኛል። ጫማዬን አውልቄ ካርታዬን ቀጠልኩ። ደመናው ከባህሩ ተላቅቆ ወደ ከተማው ዞሯል፣ በእኛ በምሥራቁ በኩል ሊያልፍ ነው። እህቴ ተርፋለች፣ አሁን ደግሞ እነዚህን ሴቶች ላድናቸው ብዬ ግሩፑ ላይ አንድ በአንድ አዝዛቸው ጀመር። ቼንቶቼሌ ያላችሁ የመስኮት መከለያ አውርዱ። ከሥራ የምትወጡ ዛፍ ሥር አትቁሙ። መኪና የያዛችሁ ቁሙ፣ ይኼኛው ያልፋል፣ ከኋላው ሌላ አለ፣ አሁን ማንም ከቤት እንዳይወጣ። እሺ እናቴ ይሉኛል። እሺ የኔ ቆንጆ፣ አመሰግናለሁ፣ አንቺ ብቻ አረፍ በይ። ከመካከላቸው አንዲት እንኳ ሜቴዎ ብላ የቀለደችብኝ የለችም። ያን ጊዜ ፈርተው ነው ብዬ አሰብኩ።

ነጎድጓዱ ራቀ። ሲኞራዬን አስተኛኋት፣ እኔም ተኛሁ። እንቅልፍ አልወስድ አለኝ ብል ደስ ባለኝ፣ ግን ወሰደኝ። ከብዙ ጊዜ ወዲህ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

ገና ሲነጋ የበሩ ደወል ጮኸ። በሩን ስከፍት ሰብሳቢያችን ናቸው፣ ከኋላቸው የማኅበሩ ሴቶች ደረጃው ላይ ተደርድረዋል። ካፖርታቸው ርሷል፣ ጫማቸው ጭቃ ነው፤ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ፌስታል ይዘዋል። ሰላምታቸው አጭር ነበር። ገብተው ሳሎን ተቀመጡ። ምን ጉድ ነው በዚህ ማለዳ፣ ሥራ የላችሁም ወይ ብዬ ለመቀለድ ሞከርኩ። ማንም አልሳቀም። አንዷ ፌስታሏ ከጭኗ ላይ ተንሸራቶ ወደቀና ከውስጡ የነጠላ ጥለት ብቅ አለ፤ ቶሎ ብላ መልሳ ሸጎጠችው። አየሁት። አገር ቤት ብሆን በሩን ስከፍት ይገባኝ ነበር፣ እዚህ ግን እንዲህ ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ስለሌለ ጭንቅላቴ እምቢ አለኝ። ሻይ ላፍላላችሁ ብዬ ተነሳሁ።

ይህን ጊዜ ሲኞራዬ መደገፊያዋን እየገፋች በሌሊት ልብሷ መጣች። ብዙ ነገር የምትረሳ ሴት ናት፤ ስሜን እንኳ አንዳንድ ቀን ታጣዋለች። ሴቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፣ እጃቸውን፣ ፊታቸውን፣ ከዚያ እኔን። «ኪ ኤ ሞርቶ?» አለች። ማን ሞተ ማለቷ ነው።

ያን ያህል ሰው ተሰብስቦ የመጣበትን ነገር አሮጊቷ በአንድ ጥያቄ ጨረሰችው። ሰብሳቢያችን አንገታቸውን ደፉ። ነጠላዎቹ ከፌስታሉ ወጡ። እኔ መጮሄን አላስታውስም፣ ጎረቤት መጥቶ በር እንደመታ ግን በኋላ ነገሩኝ።

ኩሽናው ግንብ ነበር፣ ጣራውም አልተነቀለም። ትክክል ነግሬያት ነበር። ነፋሱ ግን በሞቃት ወራት ልጆች በፔዳል የሚነዷትን አንዲት የመዝናኛ ጀልባ ከአሸዋው አንስቶ በመስኮቱ ወረወራት። ያን ሁሉ ባህር በጀልባ የተሻገረች ልጅ መሬት ላይ ቆማ ጀልባ መታት። ይህን ያደረገውን ምን ብዬ እንደምጠራው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እግዚአብሔር ብዬ ግን አልጠራውም።

መጀመሪያ የመሰለኝ እዚያው እንደሞተች ነው። ሴቶቹ ሲያጽናኑኝ ነው አንዷ አምልጧት ሐኪሞቹ ሌሊቱን ሁሉ ደክመዋል ያለችው። ለቅሶዬን አቆምኩ። የትኞቹ ሐኪሞች አልኩ። ወደ ሰብሳቢያችን ዞርኩ።

«መቼ ነው የሰማችሁት?»

«ማታውኑ» አሉ። «ኦስቲያ ሆስፒታል የምታጸዳው ልጃችን አየቻትና ደወለችልን።»

«እርስዎ ሰዎች ጋ ናት ሲሉኝ?»

«ሆስፒታል ነበረች።»

«በሕይወት?»

«በሕይወት» አሉ፤ ቀጥለውም ቶሎ ቶሎ መናገር ጀመሩ። ብቻሽን ነሽ፣ ሌሊት ነው፣ መንገዱ ተዘግቷል፣ አንቺን እናውቅሻለን፣ በእግርሽም ቢሆን ትወጫለሽ፣ አንቺንም ዛፍ ይጥልብሻል። ክፉ ወሬ በሌሊት ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። ሲነጋ ይነገራታል፣ ተሰብስበን እንሄዳለን፣ ይዘናት እንወስዳታለን አልን። እስኪነጋ ትቆያለች ብለን ነበር ልጄ፣ አሉኝ። የእሳቸውን እናት ሞት አንዱ የአክስታቸው ልጅ አውቶቡስ ውስጥ እያሉ በስልክ ነግሯቸው፣ የሚይዛቸው አጥተው ወለሉ ላይ ሲንከባለሉ ጣልያኖቹ ሰክራለች ብለው እንዳለፏቸው ቀደም ሲል አውርተውልን ያውቃሉ። ያንን ለእኔ ፈርተው ነው። አውቃለሁ። ያን ጊዜም አውቄው ነበር።

«መርዶ እኮ ለሞተ ነው» አልኳቸው። «እህቴ አልሞተችም ነበር። የምትተነፍስ ልጅ ላይ መርዶ አወጣችሁባት።»

እነዚህ ሴቶች እኔ ማንም እንዳይወጣ እያልኩ ግሩፑ ላይ ስጮህ መንገድ ላይ ነበሩ፤ ከየቤታቸው፣ ከየሥራቸው ወጥተው በዚያ ነፋስ ተጠራርተው፣ በሁለት መኪና ተጨናንቀው እስኪነጋ ከደጄ ሥር ተቀምጠው አደሩ። እኔ እላይ ተኝቻለሁ፣ እነሱ ታች ለእኔ ሲሉ በእርጥብ ልብስ ተቀምጠዋል፣ እሷ ማዶ ትሞታለች። ብነሳ እደርስ ነበር? ባቡር የለም፣ ባህር ዳር የሚወስደው ትልቁ መንገድ በጥድ ተዘግቶ ነበር። ምናልባት አልደርስም ነበር። ግን መንገድ ላይ እሆን ነበር፣ ፊቴን ወደ እሷ አዙሬ።

ለቅሶውን እዚያው ሲኞራዬ ሳሎን ተቀመጥን። ሲኞራዬ ከመሃላችን ተቀምጣ የመጣውን ሰው ሁሉ እጁን እየያዘች ማን እንደሞተ ትጠይቃለች፤ ይነግሯታል፣ ታለቅሳለች፣ ትረሳዋለች፣ መልሳ ትጠይቃለች። ሰብሳቢያችን ኩሽና ገብተው ዕቃ ያጥባሉ፤ ወደ ሳሎን አይመጡም። እኔም አልጠራኋቸውም።

ከሰዓት ላይ ሆስፒታሉን የምታጸዳው ልጅ መጣች። ፊቷ ያበጠ፣ ገና ልጅ የሆነች፣ የሥራ ልብሷን ከካፖርቷ ሥር ያላወለቀች። እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዝኳት። መወልወያዋን ኮሪደሩ ላይ ጥላ እስከ መጨረሻው ከእህቴ አጠገብ ነበረች፤ ተቆጥተው ቢያስወጧትም ተመልሳ ገብታለች። እጇን ይዣት ነበር አለችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት፣ ሲቀዘቅዝ አሻሸሁላት አለችኝ። ጠርታኝ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«አንቺን ጠራች። እየመጣች ነው አልኳት» አለች። ውሸት መናገሯ አሳፍሯት አንገቷን ደፋች።

«እሷስ ምን አለች?»

«በዚህ ነፋስ አትምጣ በያት አለችኝ።»

ሳሎኑ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሰሙ። ጥቂቶቹ ልባቸው ትንሽ ቀለል እንዳላቸው ፊታቸው ላይ አየሁ፤ ራሷ አትምጣ ካለች እንግዲህ የሚል። እኔ ግን እህቴን አውቃታለሁ። ሰው አስቸግራ አታውቅም። ታማ ስደውልላት አትምጪ፣ ደህና ነኝ ትለኛለች፤ ሄጄ በሩን ሳንኳኳ ግን ዘለሽ እንድትገቢ ብዬ ነው ክፍት የተውኩት ትለኛለች። አትምጣ በያት ያለችው በሩን እያየች ነው። ይህን ለልጅቷ አልነገርኳትም። ሳምኳት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኳት፣ ከልቤ ነው።

ከዚያ የእናታችን ነገር ተነሳ። ደም ግፊት አለባት፣ ናዝሬት ከአንዲት ዘመድ ልጅ ጋር ነው የምትኖረው። ማን ይንገራት ሲሉኝ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰድኩም። አጎታችንን፣ ጎረቤቶቿንና ነፍስ አባቷን ሰብስቡ፣ መድኃኒቷን ትዋጥ፣ ዛሬ አሁን አይሆንም፣ ነገ ሲነጋ ይነገራታል አልኩ። ያልኩት እኔ ነኝ። ሴቶቹ ልክ ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰብሳቢያችን ኩሽና በር ላይ ቆመው ነበር፤ ዓይናችን ተገጣጠመ፣ እሳቸው ናቸው ቀድመው ያቀረቀሩት።

ስልኬ የጠራው ብዙ ሳይቆይ ነው። እማዬ ናት። ባላነሳ ይብሳል፣ የእህቴንም ስልክ ሞክራ እንደሆነ ምን ትላለች? እጄን አነሳሁ፣ ሳሎኑ ጸጥ አለ። እያለቀሰች የነበረችው የሆስፒታሏ ልጅ የነጠላ ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች። ሲኞራዬን አንዷ እቅፍ አድርጋ ዝም አሰኘቻት።

እናንተ ዘንድ ነፋስ ነበር አሉ፣ የጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ አየሁ ብሎኝ ነው፣ ደህና ናችሁ ወይ አለችኝ። ነበር፣ አለፈ አልኳት። እህትሽ ስልኳ አይነሳም አለች። ሥራ ላይ ናት፣ ስልክ አያስይዟቸውም አልኳት። በልታ ነው የወጣችው? በልታ ነው። ድምፅሽ ምነው? ጉንፋን ነው እማዬ። እዚያ ባህር ዳር ብርዱ አይችላትም፣ አንቺ ታላቋ ነሽ፣ ወፍራም ልብስ ግዢላት አለችኝ። እገዛላታለሁ አልኳት።

ከዚያ እንደ ሁልጊዜዋ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት መረቀችን። የእናታችን ምርቃት ረጅም ነው፤ በየመሃሉ አሜን እስኪባል ትጠብቃለች፣ አሜን ካልሰማች ደግማ ትለዋለች። ስትወጡ ስትገቡ ይጠብቃችሁ አለች፣ አሜን አልኩ። ከክፉ ይሰውራችሁ አለች፣ አሜን አልኩ።

«ሁለታችሁን ሞት አይለያችሁ» አለች።

ሴቶቹ ሁሉ ወለሉን ያያሉ። እማዬ ትጠብቃለች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። «ሁለታችሁን ሞት አይለያችሁ» አለች ደግማ።

አሜን አልኳት።